ሦስቱ የጎደሉ ስንኞች

ውድ ሮማን፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ እናትሽ ናቸው። ፖስታውን ከመክፈትሽ በፊት ስለ እኔ የሚሉትን ሁሉ ብለው ጨርሰዋል ማለት ነው፤ አብዛኛው እውነት ነው፣ በቀረውም አልከራከርም። ብሎክ ካደረግሽኝ ስምንት ወር ሞላ። በሌላ ሰው ስልክ ልደውልልሽ እችል ነበር። አንድ ቀን የወንድሜን የኤልያብን ስልክ ተቀብዬ ቁጥርሽን ጽፌ ጨርሼ፣ አይቼው አይቼው መለስኩለት። «ምነው ኮል አላደረግክም?» አለኝ። «ባትሪህ እያለቀ ነው» አልኩት። ዘጠና በመቶ ነበር።

ደህና መሆንሽን እሰማለሁ። እናትሽ፣ እትዬ ሰርካዲስ፣ ቸርች በር ላይ ሲያገኙኝ ለእኔ የሚነግሩኝ ሳይመስሉ ከጎኔ ለቆመው ሰው ይነግሩታል። ሚኒሶታ ከኦሃዮ ይብሳል ብርዱ አሉ። አዲሱ ሆስፒታል ሺፍቱ ደህና ነው አሉ። እዚያ ያለው የእኛ ሰዎች ቸርች አስተርጓሚ አጥቶ ቢለምኑሽ እምቢ አልሽ አሉ። ይህን የመጨረሻውን የሰማሁ ቀን ሥራ ገብቼ የጠዋቱን መድኃኒት በማታው ሳጥን ከተትኩ፤ የያዙኝ ራሳቸው የምንከባከባቸው ዶክተር ሀለር ናቸው፣ ያውም በማያይ ዓይናቸው በጣታቸው ዳብሰው።

የምጽፍልሽ ስለ መጽሐፉ ነው። ለማተሚያ ቤት ደርሷል። ይውጣ አይውጣ ደግሞ ያንቺ ቃል ነው የሚወስነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማስረዳት ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ። የምታውቂውን ስደግምልሽ ታገሺኝ፤ አንዴ እንኳ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልናገር ፈልጌ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰሞን ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚያየኝ ታስታውሻለሽ። «ምን አጠናህ?» «የመካከለኛው ዘመን ታሪክና ፈረንሳይኛ።» ከዚያ «ማስተርሱን በነርሲንግ ትይዘዋለህ እንግዲህ።» ጋሽ ግርማቸው ብቻ ነው ትከሻዬን መትቶ «ጎበዝ! ሁሉም ወደ ፊት ሲሮጥ አንድ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ያስፈልገናል» ያለኝ። እስካሁን ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም። ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር ሳጥን ስደረድር ከርሜ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲው አፐር አርሊንግተን ወዳሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ላከኝ። የዶክተር ሀለር ዓይን መሀሉን አያይም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የቀረላቸው። በመጀመሪያው ቀን የደም ግፊታቸውን ለክቼ ሳልጨርስ «ፈረንሳይኛ ታነባለህ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው የምግብ ጠረጴዛ በሚያህል ስክሪን ላይ የአሮጌ ብራና ፎቶ ከፍተው «በል» አሉ።

ያነበብኩት ፈረንሳይኛ አልነበረም። ኦክሲታን ነበር፤ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በደቡብ ፈረንሳይ ትሩባዱር የሚባሉት ገጣሚዎች የፍቅር ግጥም ገጥመው በየመኳንንቱ ግቢ ያዜሙበት የነበረው ቋንቋ። ሴቶችም ነበሩባቸው። ዶክተር ሀለር ሠላሳ ዓመት የደከሙት በአንዲት ስሟ በጠፋ ሴት አሥራ አራት ግጥሞች ላይ ነው። የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸው የሚታወቀው አሥራ አራቱም ላይ ወዳጇን በአንድ የምስጢር ስም ስለምትጠራው ነው፤ «ሩቅ መብራቴ» ትለዋለች። እውነተኛውን ስም መጥራት ነውር ነበር። የሚወዱትን ሰው ከወሬ የሚያድኑት ስሙን በመሸፈን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ይህ ሆነ። እኔ ብራናውን ፊደል በፊደል እጠራላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ያወጡታል። አንዱ ብራና እንዲህ ሲል ሌላው እንዲያ ይላል። የተሻለውን መርጠን ላይ እንጽፋለን፣ ያልመረጥነውን ከግርጌ። «ያልመረጥከውን አትጣለው» ይሉኛል፤ «ከኋላህ የሚመጣው ሰው ካንተ ይበልጥ ሊያውቅ ይችላል።» ብራናው የተበላበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ወይ ክፍት ትተወዋለህ፣ ወይ በራስህ ግምት ከሞላኸው በቅንፍ ታጥረዋለህ፤ አንባቢው የሷን ካንተ እንዲለይ። ይህን ሕግ ለአንቺም በቃልሽ እስክትይዢው ነግሬሻለሁ። መናገሬ ነው የጎዳኝ።

ለእናቶቻችን የሚሆን የአማርኛ ትርጉም ልሥራ ብዬ ስነግርሽ የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «አንተ? ‹እንጀራው አለቀች› የምትለው ልጅ?» እውነትሽን ነበር። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው የመጣሁት፤ አማርኛዬ ከቤት ደጅ አይወጣም። አንቺ ግን ከአሥራ አራት ዓመትሽ ጀምሮ ከፓስተሩ ጎን ቆመሽ ስታስተረጉሚ ያደግሽ ነሽ፤ በአማርኛ ሲሰበክ እዚህ ለተወለዱት ልጆች በእንግሊዝኛ፣ እንግዳ ሰባኪ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ለእናቶች በአማርኛ። ያ ከቴክሳስ የመጣው ሰባኪ መሀል ስብከት ላይ ዞር ብሎ «ወንድሞች፣ አስተርጓሚዬ አላገባችም» ሲል፣ አንቺ ፊትሽ ሳይለወጥ፣ ማይኩን ሳታርቂ «ወንድሞች፣ አስተርጓሚዬ አላገባችም» ብለሽ ቀጠልሽ። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ አንቺ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ትጠብቂ ነበር። በኋላ ስጠይቅሽ «አስተርጓሚ አይቆምም» አልሽኝ። «ያለውን ትላለህ። ቤትህ ገብተህ ትናደዳለህ።»

የምሳ ዕረፍትሽ ሠላሳ ደቂቃ ነበር። እኔ ከአፐር አርሊንግተን በሦስት መቶ አሥራ አምስት ቁጥር ሃይዌይ እየበረርኩ እመጣለሁ፤ የምትሠሪበት ነርሲንግ ሆም ፓርኪንግ ላይ መኪናሽ ውስጥ እንቀመጣለን። አንቺ ምስርሽን ከፕላስቲክ ሳህኑ እየበላሽ «እሺ፣ ሴትዮዋ ዛሬ ምን ሆነች?» ትያለሽ።

«ደስታዬ ርቆኛል እያለች ነው።»

«ደስታ ለልደት ነው። ይቺ እኮ እየተንሰፈሰፈች ነው። ሌላ ቃል አምጣ።»

«ናይቲንጌል ዛፉ ላይ...»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወፍ ነው። በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም።»

«እናቴም አታውቅም። ወፍ በለውና እለፍ፤ ማልቀሱን እንጂ ዘሩን ማን ጠየቀህ?»

አሥራ ሦስቱን ግጥሞች እንዲህ ነው የጨረስናቸው፤ በሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። እኔ የጻፍኩት ከእንጨት የተጠረበ ይመስል ነበር፤ አንቺ አንድ ቃል ታነሺና ሌላ ታስቀምጪበታለሽ፣ ሴትዮዋ ትነሳና ትናገራለች። ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ስልክሽ ይጮኻል። ስካርፍሽን አስተካክለሽ ትወርጂያለሽ። እኔ ሁሌ አንድ ነገር ልነግርሽ እያሰብኩ ነበር የምመጣው፤ ሁሌም «ቀጣዩን አንጓ አርብ እናየዋለን» ብዬ ነው የምሄደው።

መጋቢት ውስጥ በአንዱ ቀን ግጥም አልሠራንም። ከቦርሳሽ አንድ ወረቀት አወጣሽ። ለአባትሽ የጻፍሽው ነበር። ትራክ ልነዳ ብለው ወደ ዳላስ ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት፤ በየታንክስጊቪንጉ እመጣለሁ ብለው፣ ሳይመጡ። አንዴ ብቻ አነበብሽልኝ። ድምፅሽ ስብከት ስታስተረጉሚ እንዳለው ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ አጥፈሽ መልሰሽ ከተትሽው። «አልልከውም» አልሽ። «መጻፉ በቃኝ። ለማንም እንዳትናገር፤ በተለይ ለእማዬ። እሷ የጨረስኩ ነው የሚመስላት።»

«እሺ» አልኩሽ። ቃል ነበር።

አሥራ አራተኛው ግጥም የቀረው በአንድ ብራና ላይ ብቻ ነው፤ አራተኛው አንጓ ላይ ደግሞ ውሃ ነክቶታል። ስምንት ስንኝ መሆን ሲገባው አምስቱ ብቻ ናቸው የሚነበቡት። ያንቺና የእኔ አማርኛ እንዲህ ይላል፦

ወዳጄ፣ ደጄን ገርበብ አድርጌ ከረምኩ፤
ነፋሱ ገባ፣ ቅጠሉ ገባ፣ ወሬው ገባ፤
ጎረቤት ገብቶ፣ ሞቆ፣ ተነስቶ ሄደ፤
ለማን እንደተከፈተ ሁሉም ጠየቀኝ።
. . . . . . . . . .
. . . . . . . . . .
. . . . . . . . . .
ይህን እያልኩ ነው ክረምቱን ያወጣሁት።

ምን እያለች? አታውቂም፣ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ዶክተር ሀለር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ውሃ የነካው ቦታ ሲያዩት ኖረው ባዶውን ትተውታል። እኔ ሠላሳ ቀን አልቻልኩም። ግጥሞቹን አዳራሽ ውስጥ ለሰው የምናነብበት ቀን ደርሷል፤ ጋሽ ግርማቸው፣ ቀን ኢንሹራንስ እየሸጠ በትርፍ ጊዜው የአማርኛ መጽሐፍ የሚያሳትመው ሰውዬ፣ ፖስተር ሠርቶ ሞርስ ሮድ ያሉትን ሱቆች በሙሉ ለጥፎባቸዋል። የመጨረሻው ግጥም ደግሞ መሀሉ ላይ ተቦድሷል። ያን ጊዜ ደብዳቤሽ መጣብኝ። አንዴ ነው የሰማሁት፣ ግን በቃሌ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገሮችሽ፣ ልክ ለዚያ ቦታ የተጻፉ ይመስል፣ ገብተው ቁጭ አሉ።

እዚህ አልጽፋቸውም። ከዚህ በኋላ በእኔ እጅ የትም አይጻፉም።

ልንጀምር ስንል ወረቀቱን ስሰጥሽ «አራተኛውን አንጓ ትንሽ ነካክቼዋለሁ» ብቻ ነው ያልኩሽ። አንቺ ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣሽው፤ ለማየት ጊዜ አልነበረሽም፣ እኔም እንደማይኖርሽ አውቅ ነበር። እንደለመድነው ጎን ለጎን ቆምን፤ እኔ አንድ አንጓ በኦክሲታን፣ አንቺ አንድ አንጓ በአማርኛ። እናትሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ የሚኮሩብሽ ጊዜ እንደሚያደርጉት አገጫቸውን ቀና አድርገው።

የአራተኛውን የመጀመሪያ ስንኞች አልሽ። ከዚያ ዓይንሽ ከድምፅሽ ቀድሞ ደረሰ። ጣትሽ ወረቀቱ ላይ ሲቆም አየሁት። ትቆሚያለሽ ብዬ ነበር። አልቆምሽም። ለአባትሽ ጽፈሽ ያልላክሽውን፣ ለእናትሽ የደበቅሽውን፣ በዚያ ቀጥ ባለ ድምፅ፣ አንዱን ስንኝ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ለመቶ ሰው አነበብሽው። አስተርጓሚ አይቆምም። ከሦስቱ በአንዱ ላይ አባትሽ ስልክ ሲዘጉ ሁሌ የሚሏት ቃል አለች። የእናትሽ አገጭ ወረደ። ሰው ደግሞ አጨበጨበ። ከአሥራ አራቱ ግጥሞች የተጨበጨበለት ቦታ ያ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን አጭር አንጓ፣ ገጣሚዋ ዘማሪውን «ሂድ፣ አድርስልኝ» ብላ የምትልክበትን፣ እሷንም አነበብሽ። ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሽ። ፓርኪንግ ላይ ደረስኩብሽ። ትጮኺያለሽ ብዬ ነበር።

«በቅንፍ እንኳን አላጠርከውም» አልሽኝ።

መኪናሽን አስነስተሽ ሄድሽ።

ለምን እንዳደረግኩት ራሴን ስምንት ወር ጠይቄያለሁ። ለጭብጨባው ነው ብዬ ነበር፤ አዎ፣ ለጭብጨባውም ነው። ከሱ በታች ግን ሌላ አለ። የምትናገሪውን ሁሉ፣ አንዴ የተናገርሽውን እንኳ፣ በቃሌ እንደምይዘው እንድታውቂ ፈልጌ ነበር። ስታነቢው ዞር ብለሽ ታዪኛለሽ፣ ይገባሻል ብዬ። ጅል ነኝ። ይህን ለሰው ማሳወቂያ ቀላል መንገድ ነበር፤ ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አፍ ከፍቶ መናገር። የራሴን መናገር ፈርቼ ያንቺን ተናገርኩ።

በሳምንቱ ሉዊስ ሴንተር ቤታችሁ ሄድኩ። አንቺ ለሚኒሶታው ሥራ ፈርመሻል። እናትሽ በሩን ከፍተው ግባም ሂድም አላሉኝም። የተጠቀለለ ምንጣፍሽ ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ስሜን አልጠሩትም። «እሷ ናት ወይስ ግጥሙ ነው እንዲያ ያለው?»

«እሷ ናት፣ እትዬ።»

«ለአባቷ? ለሀይሉ?»

ዓይኔን ወደ ምንጣፉ መለስኩ።

«ስለዚህ እስካሁን ትጠብቀዋለች።» የበሩን እጀታ ይዘው ቆዩ። «እኔ እኮ ልጄ ጨርሳለች ብዬ ነው ያረፍኩት። ለእኔ ብላ ነው የጨረሰች የመሰለችው። ስንት ዓመት ሙሉ እያስመሰለች ምሳ አቀረበችልኝ።» ከዚያ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። በኃይል ቢዘጉት ይሻለኝ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ መጽሐፉን አልነካሁትም። ግን ውሸት ነው፣ እነካዋለሁ። አፐር አርሊንግተን ስገባና ስወጣ ስንኞቹን ጮክ ብዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቃል ልቀይር ስል አፍንጫሽን ስትነፊ ይታየኛል፤ እተወዋለሁ። ነርሲንግ ሆሙ ፓርኪንግ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ምሳዬን በልቻለሁ። ከጎኔ የሚጮህ ስልክ ስለሌለ ሠላሳ ደቂቃው አያልቅም። ካንቺ የጎደለኝ አማርኛው ብቻ አይደለም፤ ሰው አንድ ነገር ሲናገር «እሱን ለሮማን» የምለው ቦታ ራሴ ውስጥ አለ፣ ይሞላል፣ የምወስድበት የለኝም።

በሚያዝያ ጋሽ ግርማቸው ደወለ። ማተሚያ ቤቱ ተራ ሰጥቶታል።

«የጀርባው ሽፋን ላይ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?» አለኝ። «እነዚያን ሦስቱን ስንኞች! ትልቅ አድርጌ። ስምንት መቶ ዓመት ቆይታ ዛሬ የጻፈችው ነው የሚመስለው እኮ፣ ሩፋኤል!»

«ጋሼ፣ ዛሬ የተጻፉ ናቸው።»

«እንዴት?»

«የሴትዮዋ አይደሉም። ብራናው ላይ የሉም። የሌላ ሰው ናቸው፣ ሳልጠይቅ ወስጄ ነው።»

ከዚያ ሳቀ። «እና ማን ያውቃል? ኦክሲታን የሚያነብ ኮሎምበስ ውስጥ አንተና አሮጊቷ ናችሁ።»

«የስንኞቹ ባለቤት ታውቃለች።»

«ልጄ፣ ያለ እነሱ እኮ ጥርሱ የወለቀ ግጥም ነው። ሰው መጽሐፍ ገዝቶ ነጠብጣብ ያንብብ?»

«ያንብብ» አልኩት። «ከሥሩ እንጽፋለን፦ እዚህ ሦስት ስንኞች ጠፍተዋል፣ ምን እንደሚሉ አናውቅም።» ስልኩን ዘጋብኝ። በማግስቱ መልሶ ደውሎ «አሮጊቷ ምን አሉ?» አለኝ። ለዶክተር ሀለር ግን ገና አልነገርኳቸውም ነበር። አንብቢ፣ ሌላም ውሸት አለ፤ በበጋ «አማርኛው ላይ ክፍተቱን ምን አደረግከው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ክፍት ነው» ብያቸዋለሁ።

ነገርኳቸው። የኦትሚል ገንፏቸውን አስቀመጡና «አንብብልኝ» አሉ፤ «በአማርኛው፣ የሞላኸውን ግን ተወው፣ እዚያ ስትደርስ ዝም በል።» አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። አነበብኩላቸው፣ ደረስኩ፣ ዝም አልኩ፣ ጨረስኩ። «ዝምታው ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ፣ «እኔም በሁለተኛው መጽሐፌ ላይ አንድ ቃል ሞልቻለሁ። አንድ ቃል ብቻ፣ ያለ ቅንፍ። ሰው አላገኘብኝም። እኔ ግን መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር አገኘዋለሁ።» ለማስተርስ ማመልከቻዬ በጻፉልኝ ድጋፍ ላይ የእኔን ውሸት አስገቡት፤ «አንዴ ዋሽቶኛል፤ የነገረኝ ራሱ ነው» ብለው። ተቀበሉኝ፣ ሮማን። ነሐሴ ላይ እጀምራለሁ። ይህን የምነግረው የመጀመሪያ ሰው አንቺ መሆን ነበረብሽ፤ አሥራ አንደኛዋ ነሽ፣ ቆጥሬያለሁ።

ስንኞቹን ካወጣሁ በኋላ ጨረስኩ ብዬ ነበር። ፋይሉን ለጋሽ ግርማቸው ልልክ ጣቴን አንስቼ ሳለ አንድ ነገር ያዘኝ። ሦስቱን ብቻ ነው እንዴ የወሰድኩት? የቀረውስ አማርኛ የማን ነው? «ተንሰፈሰፍኩ» የማን ነው? «ወፍ በለውና እለፍ» ብለሽ ያስተካከልሽው? ያለ አንቺ ፈቃድ ሦስት ስንኝ ማተም ስርቆት ከሆነ፣ ያለ አንቺ ፈቃድ አሥራ አራት ግጥም ማተም ምን ይባላል? እስከዚያ ቀን ዝም ማለትሽን እንደ እሺታ ነበር የቆጠርኩት። መጥተሽ አታትም ስላላልሽኝ «አትቃወምም» ብዬ፣ ሌላ ባዶ ቦታ በራሴ ቃል እየሞላሁ ነበር።

ስለዚህ ለጋሽ ግርማቸው እሷ ካልፈቀደች አይታተምም፣ ደብዳቤ ጽፌ እጠይቃታለሁ አልኩት። «ደብዳቤ?» አለኝ፤ «በዚህ ዘመን?» አዎ አልኩት። ተሳድቦ ተሳድቦ፣ «በል እትዬ ሰርካዲስ ከሚኒሶታ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ተራውን ለሌላ እሰጣለሁ» አለ። እናትሽ ያንቺ ዘንድ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆዩት። ጊዜው ያ ነው።

ትናንት የረቂቁን ፖስታ ለእናትሽ አስቀድሜ ስሰጥ (ይህን ደብዳቤ ለብቻው ነገ ነው የምሰጣቸው) መጀመሪያ እኔው ልምጣ ብዬ ነበር። «እንዳታደርገው» አሉ። «አንተን በር ላይ ብታይ ትዘጋዋለች። በእኔ ላይ አትዘጋም፤ ሽሮና በርበሬ ይዤ ነው የምሄድ።» ፖስታውን አገላበጡት። «እነዚያ ቃሎች ውስጡ አሉ?»

«የሉም፣ እትዬ።»

«ጥሩ።» ቦርሳቸው ውስጥ አስገብተው ዚፑን ሳቡ። ከዚያ፣ እኔን ሳያዩ፣ «እሷንም እኔ የምጠይቃት አለኝ። ስለ ሀይሉ። አብረን እንጠብቀው ወይ አብረን እንተወው እላታለሁ» አሉ። ይህን ልነግርሽ ፈቃድ ጠይቄያቸዋለሁ። «ንገራት» አሉ።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይህን ነው። ከዚህ ጋር ሙሉው ረቂቅ አለ፤ ያንቺ እጅ የነካውን ሁሉ በእርሳስ አስምሬበታለሁ፣ ከግማሽ ይበልጣል። ይታተም ካልሽ፣ ሽፋኑ ላይ ስምሽ ከስሜ ቀድሞ ይጻፋል፤ ስምሽን ካልፈለግሽ ራስሽ የምታወጪው ሌላ ስም ይሆናል፤ ምንም ስም አይኑር ካልሽም አይኖርም። ያንቺን አውጥተህ የራስህን ብቻ አትም ካልሽ፣ ያንን የእንጨት አማርኛዬን ይዤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ተወው ካልሽ እተወዋለሁ። አራተኛው አንጓ በማንኛውም መንገድ ክፍት ነው።

ደግሞ ሌላም አለ፤ ከመጽሐፉ ጋር አይያያዝም፣ መልስም አያስገድድም። እወድሻለሁ። ከየትኛውም ብራና አልገለበጥኩትም፣ ከማንም አልወሰድኩትም። ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ልልሽ ይገባኝ የነበረው ይህ ነው፤ ስምንት ወርና አንድ ዓመት ዘግይቷል።

እናትሽ ሲመለሱ ኤርፖርት የምቀበላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቃል ቢይዙ ለጋሽ ግርማቸው ያንኑ ዕለት አደርስለታለሁ። ምንም ባይዙ ሻንጣቸውን ተቀብዬ ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ መጽሐፉም አይወጣም። ዝምታሽንም አነበዋለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ምንም አልሞላበትም።

ሩፋኤል
ኮሎምበስ፣ ግንቦት